የቀይ ቀበሮን ጩኸት ቀርጾ ማን እንደጮኸ መለየት፦ ከሜዳ እስከ ኮምፒውተር

የሚደርሰኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ባሌ ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ከመቶ በላይ ድምፅ ቀረጽኩ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ግን መለየት አቃተኝ።» ፋይሎቹን ከፍቼ ሳዳምጥ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ሲጮኽ የታየ እንስሳ ግን የለም። ከጉም ውስጥ የመጣ፣ ከጉብታ ጀርባ የተሰማ፣ ሌሊት ከድንኳን ውስጥ የተቀረጸ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የትኛውም ሶፍትዌር አያድነውም። ጯሂው በዓይን ያልታየ ድምፅ ለዚህ ሥራ መነሻ ሊሆን አይችልም።

መመሪያው የተጻፈው ለዱር እንስሳት ተማሪዎች፣ ለስካውቶችና ለአስጎብኚዎች ነው። ምሳሌዎቹ ከባሌ ተራሮች ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ለስሜንም ለመንዝ ጓሳም ያገለግላል።

ከመነሳታችሁ በፊት

ፈቃዱን አስቀድሙ። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚደረግ ጥናት ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል። ባሌ ስትደርሱም ዲንሾ ለሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ታደርጋላችሁ። ስካውት ሳትይዙ አትውጡ። መንገድ ከማሳየቱ በላይ የሚጠቅማችሁ እንስሳቱን አንድ በአንድ ስለሚያውቃቸው ነው። ከእረኞች ጋር ስትነጋገሩ «ጄዳላ ፈርዳ» በሉ፤ በአካባቢው ኦሮምኛ ቀይ ቀበሮ የሚጠራው እንዲህ ነው፤ ትርጉሙም የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው።

ያዙ፦

- ያለ ጭመቃ በ«ዋቭ» መልክ የሚቀርጽ መሣሪያ፣
- ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰማ ረጅም ማይክሮፎን፣
- ማይክሮፎኑን የሚያለብስ ጸጉራም የንፋስ መከላከያ፤ ስፖንጁ ብቻውን ለሳነቴ (ለባሌው ከፍተኛ አምባ) ንፋስ አይበቃም፣
- ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫ፣
- የርቀት መነጽርና ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣
- ትርፍ ባትሪ በውስጥ ኪስ፣
- እርሳስና ደብተር፤ እስክርቢቶ በብርድ ይደርቃል።

ስልክ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አብዛኛው ስልክ የድምፁን ከፍታ በራሱ ያስተካክላል፣ «ጫጫታ ነው» ብሎ የገመተውንም ያጠፋል። የሚያጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ እናንተ የምትፈልጉትን ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ መንጋ ምረጡና በመልክ ለዩ

መቅረጫውን ሳታወጡ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ቀን በመነጽር ብቻ ተመልከቱ። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፤ የሚወድቀውም እዚሁ ነው።

ቀይ ቀበሮ ቀኑን ለብቻው ፍልፈልና አይጥ ሲያድን ይውላል። ማለዳና ማምሻ ላይ ግን መንጋው ተሰብስቦ ይላላሳል፣ ወሰኑንም አብሮ ይዞራል። ለመቁጠር የሚመቸው ይህ ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ አዋቂ እንስሳ አንድ ገጽ መድቡና የጉሮሮውንና የደረቱን ነጭ ምልክት ሳሉ። ቀዩና ነጩ የሚገናኙበትን መስመር፣ የጅራቱን ጥቁር ጫፍ፣ የጆሮ ስንጥቅ ካለው የትኛው ጆሮ እንደሆነ ጻፉ። አንዳንዱ ለክትባት ሲያዝ የተደረገለት የጆሮ መለያ ይኖረዋል። ሴቶቹ አነስ ያሉና ገርጣ ያሉ ናቸው።

ከስካውቱ ጋር ተለያይታችሁ ቁጭ በሉና አንድ እንስሳ በታየ ቁጥር ሁለታችሁም ስሙን ለየብቻ ጻፉ። ከአስር ዘጠኙን ካልተስማማችሁ ለመቅረጽ ገና ናችሁ።

*የማይሆን ከሆነ፦* መንጋው በጣም ትልቅ ከሆነና ሁሉንም መለየት ካልቻላችሁ፣ በግልጽ የምትለዩዋቸውን አራት ብቻ ያዙ። አራት በእርግጠኝነት የታወቁ እንስሳት ከአስራ ሁለት ተጠራጣሪ ስሞች ይበልጣሉ።

ደረጃ 2፦ መቅረጫውን አስተካክሉ

1. የናሙና መጠኑን (sample rate) 48 ኪሎ ሄርዝ፣ ጥራቱን 24 ቢት አድርጉ።
2. በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ማስተካከያ አጥፉ። እኔ ይህን ባለማጥፋቴ የአንድ ሙሉ ሳምንት ቅጂ ከሥራ ውጭ ሆኖብኛል፤ ደካማው የጩኸት ጅማሬና ጠንካራው መሐል እኩል ሆነው ተቀርጸው ነበር።
3. ዝቅተኛ ድምፅ የሚቆርጠውን ማጣሪያ ከ80 ሄርዝ አታሳልፉ። የንፋሱን ጉርምርምታ ይቀንሳል፣ ጩኸቱን አይነካም።
4. ጓደኛችሁ ራቅ ብሎ እንዲጮኽ አድርጉና ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ ለኩ።
5. ሰዓቱን ሙሉ፤ ከዚያም የሚከተለውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡ።

መቅረጫው የሚያውቀው የአውሮፓን ሰዓትና ቀን ነው። እናንተ ደብተር ላይ የምትጽፉት በእኛ ነው። መሣሪያው 6፡10 ያለውን እናንተ «ጠዋት 12፡10» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ወሩና ዓመተ ምሕረቱም አይገጥምም። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩና ፋይሉ አልገናኝ ይላሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው የመሣሪያው። ስካውቱም እንዲሁ ያድርግ።

ደረጃ 3፦ ቦታና ሰዓት ምረጡ

ጎህ ሳይቀድ ቦታችሁ ላይ ሁኑ። ንፋሱ ሳይነሳ ያለችው ማለዳ ናት ዋጋ ያላት። ሳነቴ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋው ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፣ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፣ እጅም ይደነዝዛል። ባትሪውን ከኪስ አውጥታችሁ የምትከቱት ሥራ ልትጀምሩ ስትሉ ብቻ ነው።

ጀርባችሁን ለድንጋይ ወይም ለጉብታ ስጡ፤ ፊታችሁ ክፍት ሜዳ ይሁን። ከጅብራ ሥር አትቀመጡ፤ ቅጠሉ በንፋስ ሲንቀሳቀስ በቅጂው ላይ ይገባል። ከጅረትም ራቁ። ጓሳ ላይ ከሆናችሁ የጭላዳ መንጋ በሌለበት በኩል ሁኑ፤ ቀይ ቀበሮ ጭላዳዎች መሐል እየገባ አይጥ ስለሚያድን ድምፃቸው ከድምፁ ጋር ይደባለቃል።

እንስሳው ሥራውን ትቶ ቀና ብሎ ካያችሁ ቀርባችኋል። ሳትነሱ ጠብቁ፤ ካልተረጋጋ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ከጥቅምት እስከ ጥር ቡችሎች የሚወለዱበት ጊዜ ስለሆነ ጉድጓድ ባለበት አቅጣጫ ጨርሶ አትሂዱ። የታወከች እናት ቡችሎቿን በአፏ ይዛ ቦታ ትቀይራለች፤ በዚያ ብርድ ይህ ሞት ሊሆን ይችላል። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ብቻ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም እዚሁ ባሌ ነው ያሉት። የትኛውም ቅጂ የአንድ ቡችላ ዋጋ የለውም።

ደረጃ 4፦ ጯሂውን ከጩኸቱ ጋር አያይዙ

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ቀስ በሉ።

ሥራውን ለሁለት ተካፈሉ። አንዱ ማይክሮፎኑን ይይዛል፣ ሌላው መነጽሩን። መነጽር የያዘው ዓይኑን ከእንስሳው አያነሳም፣ አይጽፍም፤ የሚያየውን ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራል። «ቁጥር 3፣ ቆሟል፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ አፉን ከፈተ።» ንግግሩ ቅጂው ላይ ይግባ፤ ነገር ግን ጩኸቱ ላይ አትናገሩ። ጩኸቱ ካለቀ በኋላ ሁለት ሰከንድ ጠብቃችሁ ተናገሩ። መቅረጫውንም በየጩኸቱ አታብሩ አታጥፉ። እንስሳው እንደታየ ጀምሩ፣ እስኪሄድ ይቅረጽ።

የድምፅ መዘግየት። በዚያ ብርድ ድምፅ በሰከንድ 334 ሜትር አካባቢ ይጓዛል። እንስሳው 500 ሜትር ርቆ ከሆነ አፉን ከፍቶ ድምፁ እናንተ ጋ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያልፋል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ደግሞ ሦስት ሰከንድ። ሁለት ቀበሮዎች ተከታትለው ሲጮኹ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ሲደርስ አፉን ከፍቶ የሚያዩት ሁለተኛውን ይሆናል። ርቀቱን ገምቱና ለመዘግየቱ ቁጠሩ፤ አፉ ሲከፈት ከታየበት ቅጽበት እስከ ድምፁ ያለው ጊዜ ከርቀቱ ጋር ካልገጠመ ድምፁ የእሱ አይደለም።

ለእያንዳንዱ ጩኸት ከሦስት አንዱን ደብተር ላይ ጻፉ፦

- ሀ — አፉ ሲከፈት ታይቷል፣ መዘግየቱ ገጥሟል፣ በአቅራቢያው ሌላ የለም።
- ለ — አቅጣጫው የእሱ ነው፤ አፉ ግን አልታየም።
- ሐ — የተሰማ እንጂ ያልታየ።

ለመለካት የምትጠቀሙት «ሀ»ን ብቻ ነው። «ለ»ን አስቀምጡት፤ በመጨረሻ ይጠቅማል። «ሐ»ን ወደ «ለ»፣ «ለ»ን ወደ «ሀ» ከፍ የማድረግ ፈተና ማታ ማታ ይመጣል፣ በተለይ ቀኑ ባዶ ሲሆን። አታድርጉት።

የድምፁን ዓይነት ለዩ። ቀይ ቀበሮ ሲደነግጥ መጀመሪያ «እፍ» የምትል አጭር ትንፋሽ ያወጣል፣ ቀጥሎ የተቆራረጠ ፈጣን ጩኸት ይከተላል። ሲገናኙ ያጉረመርማሉ፣ እንደ ቡችላም ቀጠን ባለ ድምፅ ያለቅሳሉ። ለብቻ ማላዘን አለ፣ በመንጋ ማላዘንም አለ፤ የመንጋው እስከ 5 ኪሎ ሜትር ሊሰማ ይችላል። አንዱን ዓይነት ከሌላው ጋር አታወዳድሩ፤ የአንዱ እንስሳ ድንጋጤ ከራሱ ማላዘን ይልቅ የሌላውን ድንጋጤ ይመስላል። ለጀማሪ የምመክረው የብቻውን ማላዘን ነው። ረዘም ስለሚል የሚለካ ነገር አለው። በሰሜን አሜሪካው ኮዮት ላይ በተሠራና በ2006 በታተመ ጥናትም፣ በማላዘን ውስጥ ያለው የእያንዳንዱ እንስሳ መለያ አንድ ኪሎ ሜትር ተጉዞም አልጠፋም፤ የአጭሩ ጩኸት ግን በርቀት ይበላሻል።

*የማይሆን ከሆነ፦* መንጋው አብሮ ካላዘነ ለመለያየት አትታገሉ። ጅማሬውን ብቻ ያዙ፤ አንዱ ቀድሞ ብቻውን የሚያሰማው ክፍል ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፣ የጀመረውም ከታየ «ሀ» ይሆናል። የእረኛ ውሻም ያላዝናል። ውሻ በአካባቢው ካለ ያንን ክፍል ሙሉ በሙሉ ጣሉት።

ደረጃ 5፦ የሚሰማውንም መዝግቡ

እኛ ድምፆቹን ለየን ማለት እነሱ ይለያሉ ማለት አይደለም። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለቱን ያምታታል። ለእንስሳቱ ማስረጃ የሚሆነው የሚሰማው እንስሳ የሚያደርገው ነገር ነው። ኦስትሪያ ውስጥ በሰው እጅ ባደጉ ተኩላዎች ላይ የተሠራና በ2013 የታተመ ጥናት ይህን ያሳያል፦ አንዱ ከመንጋው ተለይቶ ሲወጣ የቀሩት ያላዝኑ ነበር፤ የወጣው መሪ ሲሆን ወይም የቅርብ ወዳጃቸው ሲሆን ደግሞ አብዝተው ያላዝኑ ነበር። ማን እንደሄደ ለይተው ያውቃሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ጩኸት በተሰማ ቁጥር፣ ሌላ የምታዩት እንስሳ ካለ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ያደረገውን ጻፉ። ጆሮውን አቀና? ራሱን አዞረ? ተነሳ? ወደ ድምፁ ሄደ? መለሰ? ወይስ ማደኑን ቀጠለ? «ምንም አላደረገም» የሚለውንም ጻፉ፤ እሱ ካልተጻፈ የቀረው ትርጉም የለውም።

ደረጃ 6፦ ማታውኑ አደራጁ

ሳትተኙ ቅጂውን ሁለት ቦታ ገልብጡ። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ስጡ፤ አንዳንዱ ሶፍትዌር በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል አይከፍትም። ስሙ ቀኑን፣ የመሣሪያውን ሰዓት፣ የእንስሳውን ቁጥርና የደብተሩን ገጽ ይያዝ። ዋናውን ፋይል አትንኩ፤ የምትቆርጡት ከተገለበጠው ላይ ነው።

ደረጃ 7፦ በስፔክትሮግራም ለኩ

ስፔክትሮግራም የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት (ፍሪኩዌንሲ) ከጊዜ ጋር የሚያሳይ ምስል ነው። ለዚህ ራቨን ላይት ወይም ፕራት የተባሉት ሶፍትዌሮች በቂ ናቸው፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ኦዳሲቲ ለመቁረጥ ይመቻል፣ ለመለካት ግን አልመርጠውም። የጫጫታ ማጥፊያውን በጭራሽ አትጠቀሙ።

1. ለማላዘን የመስኮቱን (ሶፍትዌሩ በአንዴ የሚያነበውን የድምፅ ቁራጭ) ስፋት 4096 ናሙና አድርጉ። በ48 ኪሎ ሄርዝ ይህ 85 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ መስመሮቹ ቀጥነው ይታያሉ። ለአጭር ጩኸት ወደ 512 አውርዱት። አንዴ ከመረጣችሁ ለሁሉም ፋይል ያው ይሁን።
2. ከታች ወደ ላይ የተደራረቡ ትይዩ መስመሮችን ታያላችሁ። የታችኛው መሠረታዊው ድምፅ ነው፤ የላዮቹ የእሱ ብዜቶች ናቸው። የምትለኩት መሠረታዊውን ነው፤ የላዮቹ በርቀት ቶሎ ይጠፋሉ።
3. የመነሻውን፣ የመጨረሻውን፣ የከፍተኛውንና የዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ መዝግቡ።
4. አጠቃላይ ርዝመቱን በሰከንድ፣ ከፍተኛው ነጥብ የደረሰበትንም ጊዜ ከርዝመቱ በመቶኛ።
5. መስመሩ ስንት ጊዜ አቅጣጫ እንደቀየረ፣ በድንገት የዘለለበት ቦታም ካለ።
6. ድምፁ በየትኛው ክፍል እንደጠነከረና እንደላላ። ጥንካሬው ራሱ በርቀት ስለሚለወጥ ቅርጹን ብቻ ያዙ። በሰሜን አሜሪካ ተኩላዎች ላይ የተሠራ ሥራ እንዳሳየው የጥንካሬው አካሄድ ከፍሪኩዌንሲው ጋር ሲደመር መለየቱ ይሻሻላል።

*መሠረታዊው መስመር በንፋስ ከተሸፈነ፦* ሁለት ተከታታይ ብዜቶችን ፈልጉና ቀንሱ። አንዱ 1200፣ ቀጣዩ 1800 ሄርዝ ላይ ካለ መሠረታዊው 600 ነው።

*ሶፍትዌሩ የማይመስል ቁጥር ከሰጠ፦* ፕራት ከመነሻው የተስተካከለው ለሰው ድምፅ ነው። የፍሪኩዌንሲ ጣሪያውን ካላነሳችሁለት ከፍ ያለውን ድምፅ በግማሽ ይጽፈዋል። በቁጥሮቹ መሐል ድንገት በእጥፍ የዘለለ ወይም በግማሽ የወረደ ካያችሁ ወደ ምስሉ ተመለሱ። ዓይናችሁ ያየው መስመር እዚያ ከሌለ ቁጥሩ ስህተት ነው። እንስሳው ራሱ የሚዘልበት ጊዜም አለ፤ ያኔ መስመሩ ምስሉ ላይ ተቆርጦ ይታያል።

ከእያንዳንዱ እንስሳ ቢያንስ አስር የ«ሀ» ጩኸት፣ ቢያንስ ከአራት የተለያዩ ቀናት ይኑራችሁ። በአንድ ማለዳ ተከታትለው የወጡ አስር ጩኸቶች እንደ አንድ ጩኸት ናቸው፤ ንፋሱም፣ ርቀቱም፣ የእንስሳው ስሜትም አንድ ነበር። በዚህ ያልተጠነቀቀ ሰው የሚለየው ቀኖችን እንጂ ቀበሮዎችን አይደለም።

ደረጃ 8፦ የትኛው ልኬት እንደሚለይ እወቁ

ለእያንዳንዱ ልኬት፣ ለእያንዳንዱ እንስሳ፣ አማካዩንና የተለመደውን ልዩነት (standard deviation) አውጡ። ልዩነቱን ለአማካዩ አካፍሉ፣ በመቶ አባዙ። ናሙናው ጥቂት ስለሆነ ውጤቱን በ(1 + 1/4ን) አባዙት፤ «ን» የጩኸቶቹ ብዛት ነው። ይህ አንድ እንስሳ ከራሱ ጋር ምን ያህል እንደሚለያይ ይነግራችኋል። ከዚያ ሁሉንም እንስሳት ቀላቅላችሁ ያንኑ ስሌት ሥሩ።

ለምሳሌ በከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ሦስት እንስሳት ከራሳቸው ጋር 6፣ 8 እና 7 በመቶ ቢለያዩ አማካዩ 7 ነው። ሁሉም ተቀላቅለው ሲሰላ 18 በመቶ ቢሆን 18 ለ7 ሲካፈል 2.6 ይመጣል። ከ1 የበለጠ ልኬት እንስሳትን የመለየት አቅም አለው፤ ወደ 1 የተጠጋ አይረባም፣ ጣሉት። በቀሩት ሦስት ወይም አራት ልኬቶች ብቻ ቀጥሉ። አሥራ አምስት ልኬት በአሥር ጩኸት ላይ የሚጭን ሰው ሁልጊዜ «ውጤት» ያገኛል፤ በሚቀጥለው ወር ግን አይደገምለትም።

ደረጃ 9፦ ራሳችሁን በስውር ፈትኑ

በሥራው ያልነበረ ሰው ያልለካችኋቸውን ሃያ የ«ሀ» ጩኸቶች ስማቸውን ቀይሮ ይስጣችሁ፤ ለመማሪያ ከተጠቀማችሁባቸው ቀናት ውጭ የተቀረጹ ይሁኑ። ለክታችሁ መድቡ። እንስሳቱ አራት ከሆኑ በጭፍን ግምትም አምስት ይመታል። ስድስት ወይም ሰባት መምታት ስኬት አይደለም። አሥራ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነ «ለ» ያላችኋቸውን ፋይሎች ማንሳት ትችላላችሁ፤ አቅጣጫውና ልኬቱ አንድ እንስሳ ላይ ከተስማሙ ተቀበሉት፣ ካልተስማሙ «ለ» ሆኖ ይቆይ።

*ፈተናው ከወደቀ፦* መጀመሪያ የተምታቱትን ሁለት እንስሳት እዩ። ሁልጊዜ እነዚያው ሁለቱ ከሆኑ እህትማማች ወይም ወንድማማች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለእነሱ ተጨማሪ ቅጂ ሰብስቡ። ስህተቱ ሁሉም ጋ ከተበተነ ችግሩ ደረጃ 4 ላይ ነው። ወደ ደብተሩ ተመለሱና እያንዳንዱን «ሀ» በመዘግየቱ እንደገና ፈትሹ።

ድምፅ መልሶ ማጫወትን በተመለከተ

«እነሱ ይለያሉ ወይ?» ለሚለው ጠንካራው ፈተና የተቀረጸ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ማሰማት ነው። በኮማንደር ደሴቶች፣ ሜድኒ ላይ በሚኖሩ የዋልታ ቀበሮዎች የተሠራና በ2003 የታተመ ሥራ ይህን አድርጎ፣ እንስሳቱ ለመንጋቸው አባልና ለእንግዳ ጩኸት የተለያየ ምላሽ እንደሚሰጡ አሳይቷል።

እናንተ ግን ለዚሁ ተለይቶ የተሰጠ ፈቃድና ልምድ ያለው አማካሪ ከሌላችሁ አታድርጉት፤ በስልክም ቢሆን። የእንግዳ ድምፅ ወሰን ላይ ሲሰማ መንጋው ማደኑን ትቶ ለጠብ ይሮጣል፣ ቡችሎቹም ብቻቸውን ይቀራሉ። በዚያ ላይ ተፈጥሯዊውን ምላሽ ታበላሹታላችሁ፤ በደረጃ 5 ስትሰበስቡ የቆያችሁት ሁሉ ከዚያ ቀን በኋላ ዋጋ ያጣል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ፦ የሚንገዳገድ፣ ያለ ምክንያት የሚጠጋችሁ ወይም ለሃጩ የሚዝረበረብ ቀበሮም ሆነ ውሻ ካያችሁ መቅረጹን ትታችሁ ራቁ፣ ቦታውንና ሰዓቱን ለስካውቱ ያኔውኑ ንገሩ። የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ቀበሮዎች ላይ ተደጋግሞ ከባድ እልቂት አድርሷል፤ የአንድ ቀን መዘግየት ብዙ ነው።

መዝገቡን ማደስ

የቡችላ ድምፅ ይለወጣል፤ ዓመት ሳይሞላው የተቀረጸን እንስሳ በአዋቂዎቹ መዝገብ አታስገቡ። አዋቂዎቹንም በየዓመቱ በጥቂት አዲስ የ«ሀ» ጩኸት ፈትሹ። ለብዙ ሳምንታት ድምፁ ያልተሰማን እንስሳ «ሞቷል» ብላችሁ አትዝጉት። መንጋውን ለቆ የሄደ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ወጣት ሴቶች ይሄዳሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትንና የተሰማበትን ቀን ለየብቻ ጽፋችሁ ገጹን ክፍት ተዉት፣ የጎረቤት መንጋ ለሚከታተለው ስካውትም አንድ ንጹሕ ቅጂ ስጡት።